ኤ ኤም ሬዲዮ ሊቀር ነው እንዴ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬዲዮ መነካካት እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት ነገር ከጊዜ ወደ ጊዜ አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል። «አዲሱ መኪናዬ ላይ ኤ ኤም አይታይም፤ ተበላሽቶ ነው?» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ የለመደው ጣቢያ ወደ ኤፍ ኤም ሊዛወር ነው መባሉን ሰምቶ ይጨነቃል። በየጊዜው ከምደጋግመው መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኤ ኤም የሚባለው ምንድን ነው? ከኤፍ ኤም በምን ይለያል?

ድምፅን ሞገድ ላይ ጭኖ የመላኪያ ዘዴ ነው። ማሰራጫው ማንም ባይናገርም አንድ ወጥ ሞገድ ሳያቋርጥ ይለቃል። ዜና አንባቢው አፉን ሲከፍት የሞገዱ ጉልበት ድምፁን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቤት ያለው ሬዲዮ ያንን ከፍታና ዝቅታ ለይቶ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ኤፍ ኤም ላይ ጉልበቱ ባለበት ይቆይና የሚወዛወዘው ድግግሞሹ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት ነው። ልዩነቱ ይህቺው ናት፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ነው።

ሰው በተለምዶ «ኤ ኤም» የሚለው መካከለኛውን ሞገድ ነው። እሱም ከ530 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ተነስቶ በአብዛኛው ዓለም እስከ 1600 አካባቢ፣ በአሜሪካ አህጉራት እስከ 1700 ይዘልቃል። ረጅም ሞገድና አጭር ሞገድም በተለምዶ የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ስለሆነ የአንዱ ዕጣ ከሌላው ብዙ አይርቅም።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚንጫጫው? ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም።

ድሮም ይንጫጫ ነበር፤ ግን እውነትዎን ነው፣ ብሷል።

መብረቅ፣ የሞተር ብልጭታ፣ የላላ የመብራት ሽቦ፣ ሁሉም አየሩ ላይ የሚጨምሩት ጉልበት ነው። ኤ ኤም ደግሞ መልእክቱን የጻፈው እዚያው ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው የቱ የአንባቢው፣ የቱ የመብረቁ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ሁለቱንም አብሮ ያሰማል። ኤፍ ኤም ጉልበቱን ስለማያነበው አብዛኛውን ሁካታ ቆርጦ ይጥለዋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 የኤፍ ኤምን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ዋናው ዓላማው ይኸው ነበር፦ መብረቅ የማይረብሸው ሬዲዮ።

የዛሬው ችግር ግን ከሰማይ አይደለም የሚመጣው። ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር፣ እነዚህ ሁሉ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ አሥርና መቶ ሺህ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ ነው የሚሠሩት። እያንዳንዷ ማብራትና ማጥፋት ትንሽ የሬዲዮ ጩኸት ታወጣለች፤ ጩኸቱም ከመነሻው ድግግሞሽ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያለ ወደ ላይ እየተደገመ መካከለኛው ሞገድ ላይ ያርፋል።

አንድ ማታ ለዓመታት የማዳምጠው ጣቢያ በድንገት «ዝዝዝ» በሚል ድምፅ ተዋጠብኝ። ማሰራጫቸው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። በማግሥቱም ያው፣ በሦስተኛውም ቀን ያው። በመጨረሻ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ ይዤ የቤቱን ዋና መብራት አጠፋሁት፤ ጣቢያው እንደ ደወል ጥርት ብሎ መጣ። ከዚያ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ እየመለስኩ፣ ሬዲዮዋን እንደ ውሻ አፍንጫ በየግድግዳው እያስጠጋሁ ዞርኩ። ጥፋተኛው አልጋ ሥር ያለ ርካሽ ቻርጀር ነበር። ስልክ እንኳ አልተሰካበትም፤ ባዶውን ሶኬት ላይ ተንጠልጥሎ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ብዙ ሰው ኤ ኤምን የተወው ጣቢያው ተዳክሞ ሳይሆን የራሱ ቤት ስለጮኸበት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ዘዴ ልንገርዎ። የኤ ኤም ሬዲዮ ውስጡ ሽቦ የተጠመጠመባት ጥቁር የፌራይት ዘንግ አለች፤ አንቴናው እሷ ናት። ዘንጓ ጫፏን ወዳዞረችበት አቅጣጫ አትሰማም። ስለዚህ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያሉ ቢያዞሩት ጩኸቱ ድንገት የሚሞትበት ማዕዘን ሊያገኙ ይችላሉ። ወደ ላይ የሚመዘዘውን ረጅሙን አንቴና ማውጣት ለኤ ኤም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈይድም፤ እሱ የኤፍ ኤም ነው።

ቀን የማይገባ ሩቅ ጣቢያ ማታ ለምን ይገባል?

ቀን የፀሐይ ጨረር ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አንድ ንጣፍ ይፈጥራል። ይህ ንጣፍ የመካከለኛውን ሞገድ ጉልበት እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፤ የሚቀረው መሬት ለመሬት የሚሄደው ሞገድ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ንጣፉ ይሟሽሻል፤ ሞገዱም ከእሱ በላይ ያሉት ንጣፎች ጋ ይደርስና ወደ ምድር ተመልሶ ከመቶዎች እስከ ሺህና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል።

ለአድማጭ ደስ ይላል፤ ለባለ ጣቢያ ግን ራስ ምታት ነው። አንድ ድግግሞሽ ላይ ያሉ የተለያዩ አገሮች ጣቢያዎች ማታ ይደራረባሉ። ለዚህ ነው በአሜሪካ ብዙ ጣቢያዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ኃይላቸውን እንዲቀንሱ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ እንዲዘጉ ሕግ የሚያስገድዳቸው።

እውነት አገሮች እየዘጉት ነው?

አዎ፣ በተለይ አውሮፓ። የጀርመኑ ዶይችላንድፉንክ ረጅም ሞገዱን በ2014 መጨረሻ፣ መካከለኛውን በ2015 መጨረሻ አጠፋ። ሆላንድ በ2015 የሕዝብ ጣቢያዋን ከመካከለኛው ሞገድ አወረደች። ፈረንሳይ በ2016 መጨረሻ 162 ኪሎ ኸርዝ ላይ የነበረውን የፍራንስ ኢንተር ፕሮግራም አቆመች። እዚህ ላይ የሚገርመው ማሰራጫው አለመጥፋቱ ነው፤ ፕሮግራሙ ቀርቶ ሞገዱ የሰዓት ምልክት ለሚፈልጉ መሣሪያዎች ሲባል መልቀቁን ቀጠለ። አየርላንድ 252 ኪሎ ኸርዝን በኤፕሪል 2023 ዘጋች።

ብሪታንያ ውስጥ የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ረጅም ሞገድ ታሪክ ከዚህም ይረዝማል። 198 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለው ያ ሞገድ ከድምፁ ጋር የተደበቀ ምልክት ይዞ ይሄድ ነበር፤ ምልክቱ በየቤቱ ያሉ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎችን ከቀን ታሪፍ ወደ ሌሊት ታሪፍ ይቀይራል። ስለዚህ ሬዲዮውን ለመዝጋት መጀመሪያ ቆጣሪ መቀየር ግድ ሆነ! ለረጅም ሞገድ ብቻ ተለይተው የሚዘጋጁት ፕሮግራሞች በ2024 ቀርተዋል፤ ቆጣሪዎቹ የሚጠብቁትን ምልክት ደረጃ በደረጃ የማቋረጡ ሥራም በ2025 አጋማሽ ተጀመረ።

በካናዳ አንድ ትልቅ የሚዲያ ኩባንያ በጁን 2023 በአንድ ቀን ስድስት የኤ ኤም ጣቢያዎችን ዘግቷል። ብራዚል ደግሞ ከ2013 ጀምሮ የኤ ኤም ጣቢያዎቿን ወደ ኤፍ ኤም እያሻገረች ነው። ሁሉንም የሚያስገባ ቦታ ስላልተገኘ ኤፍ ኤሙን ራሱን ወደ ታች አስፍታ፣ ድሮ የቴሌቪዥን የነበረውን ከ76 ሜጋ ኸርዝ ጀምሮ ያለውን ክፍል ጨምራለታለች።

በሌላ በኩል ፊሊፒንስን የሚያህል የኤ ኤም አገር የለም ማለት ይቻላል፤ ዜናና ክርክር የሚደመጠው እዚያ ነው። ሃንጋሪም ሶልት በተባለች ከተማ 2,000 ኪሎ ዋት የሚለቅ ማሰራጫዋን 540 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይዛለች። በአሜሪካ ዛሬም ከ4,000 የሚበልጡ የኤ ኤም ጣቢያዎች ፈቃድ አላቸው። «እየሞተ ነው» የሚለው ቃል እንግዲህ የት ቆመው እንደሚናገሩት ይወሰናል።

የጃፓን ጉዳይ ሲነሳ እሰማለሁ። እዚያ ምን ተደረገ?

በእኔ አስተያየት ነገሩን በብልሃት ከያዙት አንዷ ጃፓን ናት፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ብነግርዎ አይከፋም።

በ2021 በአገሪቱ ካሉት 47 የግል የኤ ኤም ጣቢያዎች 44ቱ እስከ 2028 መጸው ድረስ ወደ ኤፍ ኤም ለመዛወር እንደሚፈልጉ በጋራ አስታወቁ። ምክንያታቸውን አልደበቁም፦ ማሰራጫው አርጅቷል፣ ማስታወቂያው ቀንሷል፣ አንድን ፕሮግራም በኤ ኤምም በኤፍ ኤምም ማስተላለፍ ሁለት እጥፍ ወጪ ነው።

የቀሩት ሦስቱ እነማን ናቸው? ሁለቱ በሰሜኗ ደሴት በሆካይዶ፣ አንዱ በአኪታ። ሆካይዶ ሰፊ ነች፤ ተራራውም ብዙ ነው። ኤፍ ኤም ተራራ ሲጋርደው ይቆማል፤ አንድ የመካከለኛ ሞገድ ምሰሶ የሚሸፍነውን መሬት ለመሸፈን በየሸለቆው ትንንሽ ማሰራጫ መትከል ይጠይቃል። እዚያ ኤ ኤምን መዝጋት ገንዘብ ማትረፍ ሳይሆን ማባከን ሆነ።

ሁለተኛው ብልሃታቸው ከመቁረጣቸው በፊት መሞከራቸው ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ 13 ጣቢያዎች የተወሰኑ የኤ ኤም ማሰራጫዎቻቸውን ለጊዜው ዝም አሰኝተው ማን እንደሚጮህ ለማየት ሙከራ ጀመሩ። የሕዝቡ ጣቢያ ኤን ኤች ኬም ከሁለቱ የኤ ኤም ቻናሎቹ ሁለተኛውን በማርች 2026 ለመዝጋት፣ አንደኛውን ግን ለማቆየት ወስኗል።

መኪናዬ ላይ ለምን የለም?

መኪናዎ ኤሌክትሪክ ከሆነ ምክንያቱ ከላይ ያወራነው የቻርጀር ታሪክ ነው፣ በመቶ እጥፍ አድጎ። ባትሪው የሚሰጠው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሩ የሚፈልገው ተለዋዋጭ። በመካከላቸው ያለው ኢንቨርተር ከባድ ኤሌክትሪክ በሰከንድ ሺህ ጊዜዎች እየቆራረጠ ያቀርባል፤ ጩኸቱም ከሬዲዮው ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ፍጥነት ሲጨምሩ የሬዲዮው «ዊ» ማለት አብሮ ይጨምራል።

መፍትሔ የለውም ግን አይባልም። ሽቦውን በብረት መረብ መሸፈን፣ ማጣሪያ ማስገባት፣ አንቴናውን ከኢንቨርተሩ ማራቅ ይቻላል። አምራቾቹ የሚሉት ይህ ሁሉ ክብደትና ወጪ ይጨምራል፣ የሚሰማውም ሰው ጥቂት ነው ነው። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካው ሴናተር ኤድዋርድ ማርኪ 20 አምራቾችን በደብዳቤ ጠይቀው ነበር፤ ቢኤምደብሊው፣ ፎርድ፣ ማዝዳ፣ ፖልስታር፣ ሪቪያን፣ ቴስላ፣ ቮልስዋገንና ቮልቮ ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ኤ ኤምን ማውጣታቸውን መለሱ። እንደ ቶዮታ፣ ኒሳን፣ ሃዩንዳይና ኪያ ያሉት ግን እንዳለ ነው አሉ። የፊዚክስ ሕግ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ምክንያት ብዙም አያስኬድም። «አያዋጣንም» ቢሉን እንግባባ ነበር።

ፎርድ በ2023 ከአዳዲስ ሞዴሎቹ፣ ቤንዚን ከሚጠጡትም ጭምር፣ ኤ ኤምን ሊያስወጣ አስቦ ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የኩባንያው ኃላፊ ጂም ፋርሌይ ሐሳባቸውን ቀየሩና ኤ ኤም ለሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖችም በሶፍትዌር ማሻሻያ እንደሚመለስ አስታወቁ። በሶፍትዌር! ዕቃው እኮ ውስጡ ነበር ማለት ነው።

ሕግ ሊያስገድዳቸው ነው የሚባለውስ?

በአሜሪካ ማርኪ ከዴሞክራቶቹ፣ ቴድ ክሩዝ ከሪፐብሊካኖቹ ሆነው በሜይ 2023 እያንዳንዱ አዲስ መኪና ኤ ኤም እንዲኖረው የሚያስገድድ ረቂቅ አቀረቡ። በሌላ ጉዳይ ሁለቱ ተስማምተው ማየት ብርቅ ነው። ረቂቁ ሳይጸድቅ የምክር ቤቱ ዘመን አለቀና በ2025 መጀመሪያ እንደገና ቀረበ።

ከመኪና አምራቾቹ ጋር በሁሉም ባልስማማም ስለ ሕጉ ግን ጥርጣሬ አለኝ። መቀበያውን በሕግ ማቆየት ይቻላል፤ የሚያስተላልፈውን ጣቢያ ግን ማን ያቆየዋል? ማስታወቂያ የጠፋበት ጣቢያ መኪናው ሬዲዮ ስላለው ብቻ የመብራት ሒሳቡን አይከፍልም።

አንድ የኤ ኤም ጣቢያ ተክሎ ለማስኬድ ይህን ያህል ምን ያስወጣል?

መሬት ነው ዋናው። የ1,000 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 300 ሜትር ነው፤ በደንብ እንዲሠራ የሚፈለገው ምሰሶ የዚያ ሩብ፣ ማለትም 75 ሜትር ይሆናል። ለ100 ሜጋ ኸርዝ ኤፍ ኤም ሞገዱ ራሱ 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ አንቴናውን ፎቅ ጣሪያ ላይ ሰቅለው ይገላገላሉ።

የኤ ኤም ምሰሶ አንቴና የሚሸከም ብረት አይደለም፤ ብረቱ ራሱ አንቴናው ነው። ከሥሩ አንድ ወፍራም የሸክላ ኮን ላይ ቆሞ ከምድር ተለይቷል። በሥራ ላይ እያለ መሬት ላይ ቆሞ የነካው ሰው ይቃጠላል፤ አጥር የሚታጠርበት ለዚህ ነው። አፈሩ ሥር ደግሞ ከምሰሶው እግር ተነስተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ በየአቅጣጫው የተዘረጉ፣ በተለምዶ 120 የሚሆኑ የመዳብ ሽቦዎች ተቀብረዋል፤ እያንዳንዳቸው የምሰሶውን ቁመት ያህል ይረዝማሉ። አቅጣጫ መርጦ የሚያሰራጭ ጣቢያ ከሆነ ምሰሶው ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ይሆናል። ያ ሁሉ ሜዳ ሲተከል ከከተማ ውጭ ነበር፤ ዛሬ ከተማው መጥቶ ከቦታል። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ መሬቱ ከጣቢያው ይበልጣል። እኔ እንደማየው ብዙ ጣቢያ የገደለው ኢንተርኔት ሳይሆን ይህ ስሌት ነው።

ከዚያ መብራት አለ። ሙሉ በሙሉ በድምፅ በተጫነ ኤ ኤም እንኳ ከጠቅላላው ኃይል ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው ምንም መልእክት ለማይዘው ወጥ ሞገድ ነው። አዳዲስ ማሰራጫዎች ንግግሩን እየተከተሉ ይህን ሞገድ በመቀነስ ወጪ ይቆጥባሉ፤ አሮጌዎቹ ግን እንደ ጥንቱ ይበላሉ።

በነገራችን ላይ ሰው እስከዚያ ዘመን ካቆማቸው ነገሮች ሁሉ ረጅሙ የረጅም ሞገድ ምሰሶ ነበር፤ ፖላንድ ኮንስታንቲኖቭ፣ 646 ሜትር። በኦገስት 1991 የወጠሩትን ገመዶች ሲቀይሩ ወደቀ።

ድምፁ ጥራት የሌለው በተፈጥሮው ነው?

ግማሹ በተፈጥሮው፣ ግማሹ በውሳኔ። ጣቢያዎቹ በ9 ወይም በ10 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለተደረደሩ እርስ በርስ እንዳይነካኩ የድምፁ ቀጭን ክፍል ይከረከማል፤ የሬዲዮ አምራቾች ደግሞ ጩኸት ለመቀነስ ብለው የበለጠ ይከረክሙታል። ኤፍ ኤም እስከ 15 ኪሎ ኸርዝ ሲያሰማ ተራ የኤ ኤም ሬዲዮ 4 ወይም 5 ላይ ይቆማል። የ«ሰ» እና የ«ፈ» ድምፅ የሚለየው ከዚያ በላይ ባለው ክፍል ስለሆነ የማያውቁት ስም ሲጠራ ግር የሚልዎት ለዚህ ነው። ሙዚቃ ከኤ ኤም ሸሽቶ ወሬና ኳስ የቀረውም በዚሁ ነው፤ የሚመለስም አይመስለኝም።

ወደ ዲጂታል ቢቀየር አይድንም?

በወረቀት ላይ ይድናል። ዲ አር ኤም የሚባለው ዘዴ በዚያው ሞገድ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ በትንሽ ኃይል ያደርሳል። ሕንድ በዚህ ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች፤ ከ30 በላይ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎቿ ዲ አር ኤም ይችላሉ። አሜሪካም በ2020 ጣቢያዎች ከፈለጉ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል እንዲሆኑ ፈቅዳለች፤ ከዚያ በፊት በሜሪላንድ ፍሬድሪክ አንድ 820 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለ ጣቢያ ከ2018 ጀምሮ ሲሞክረው ቆይቷል።

ችግሩ መቀበያው ነው። ጣቢያው ዲጂታል በሆነ ማግሥት በየቤቱ ያለው አሮጌ ሬዲዮ «ሽሽሽ» ብቻ ይላል። አድማጩ አዲስ ሬዲዮ መግዛት ካለበት ደግሞ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተነዋል፤ በ1982 የአሜሪካ መንግሥት የስቴሪዮ ኤ ኤም ዘዴዎች ሲወዳደሩ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ «ገበያው ይወስን» አለ። ገበያው ሳይወስን አሥር ዓመት አለፈ። በ1993 አንዱ ሲመረጥ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም።

ኢንተርኔትና ስልክ እያለ ለምን እንጨነቃለን?

በደህናው ቀን አያስጨንቅም። ጭንቀቱ የሚመጣው መብራቱ ሲጠፋ ነው።

በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የሰሜን ካሮላይናን ምዕራባዊ ተራሮች ሲመታ መብራት፣ ውኃ፣ ስልክና ኢንተርኔት አንድ ላይ ተቋረጡ። አሽቪል ውስጥ 570 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለው ጣቢያ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ ሰው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የት ውኃ እንደሚታደል ይሰማ ነበር። በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታም ዋፓ ሬዲዮ 680 ኪሎ ኸርዝ ላይ እንዲሁ ነበር። የአሜሪካው የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ፌማ ለክፉ ቀን ጄኔሬተርና መጠለያ ያዘጋጀላቸው 77 ጣቢያዎች አሉት፤ ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹም ኤ ኤም ናቸው። በ2023 ሰባት የቀድሞ የፌማ ኃላፊዎች ኤ ኤም ከመኪና አይውጣ ብለው ደብዳቤ የጻፉት ይህን ይዘው ነው።

የሚገርመው ቀላልነቱ ነው። የኤ ኤም መቀበያ ከጥቅል ሽቦ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፍ አንድ ዳዮድና ከጆሮ ማዳመጫ ይሠራል፤ ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም፣ ማዳመጫውን የሚያንቀሳቅሰው የሞገዱ ጉልበት ራሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በዳዮዱ ቦታ ምላጭና የእርሳስ ጫፍ አድርገው ምሽግ ውስጥ ሠርተውታል። ደግሞም አንድ ሰው ቢሰማው፣ አንድ ሚሊዮን ቢሰማው ለማሰራጫው ያው ነው፤ መስመር አይጨናነቅም።

ሚዛን ለመጠበቅ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እርጥብ መሬት ለኤ ኤም ስለሚመች ብዙ ምሰሶዎች የተተከሉት ረባዳ ቦታ፣ ወንዝ ዳር ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚያገኘው እነሱን ነው። «ኤ ኤም መቼም አይወድቅም» የሚሉ ሰዎች ይህን አይነግሩዎትም።

መንግሥታት ሞገዱን ለሞባይል ኩባንያ ለመሸጥ አስበው ይሆን?

አይመስለኝም፤ ማንም አይገዛውም። መካከለኛው ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ 1.2 ሜጋ ኸርዝ እንኳ አይሞላም። የአራተኛው ትውልድ ሞባይል ትንሿ ቻናል ብቻዋን 1.4 ሜጋ ኸርዝ ትፈልጋለች። አንቴናውስ? 75 ሜትር ስልክ ኪስ ውስጥ አይገባም።

ያለኝን አሮጌ ሬዲዮ ልጣለው?

ኧረ ተዉ! ድንጋዩን ግን አውጥተው ለየብቻ ያስቀምጡት፤ ውስጡ ሲፈስ ሬዲዮውን ይበላዋል። ቢያንስ በዓመት አንድ ሁለቴ ከፍተው የአካባቢዎ ጣቢያ የት ቁጥር ላይ እንዳለ ይዩ። መብራት በጠፋበት ሌሊት በጨለማ ቁጥር መፈለግ ደስ አይልም።

ታዲያ ስንት ዓመት ቀረው?

በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አይጠፋም። እኔ የምጠብቀው መሃሉ እንዲጠፋ ነው፦ ትንንሾቹ የከተማ ጣቢያዎች ወደ ኤፍ ኤም ወይም ወደ ኢንተርኔት ይሄዳሉ፤ ቢሄዱም ያዋጣቸዋል። ሰፊ መሬት የሚሸፍኑት ጥቂት ትልልቆቹ ግን ይቆያሉ፤ የሚቆዩት ግን ማስታወቂያ ስላገኙ ሳይሆን እንደ እሳት አደጋ መኪና የሕዝብ ገንዘብ ስለሚከፍላቸው ነው። መንግሥት ያንን ለመክፈል ካልፈለገ በግልጽ ይናገር፤ በምትኩ ምን እንዳዘጋጀም አብሮ ያሳይ። የሚያናድደኝ መዘጋቱ አይደለም፤ «ለማንኛውም ሁሉም ሰው ስልክ አለው» ብሎ ማለፍ ነው።

ጣቢያው ሲዘጋ ቁጥሩ ላይ ምን ይሰማል?

ቀን ምንም፤ ሽሽታ ብቻ። ማታ ግን ይሞክሩት። ኃይለኛ ጣቢያ ሲጠፋ ለዓመታት ከሥሩ ተውጠው የነበሩ ይወጣሉ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ድምፅ ተደራርቦ ይሰማል፤ ሬዲዮውን ቀስ ብለው ሲያዞሩት አንዱ ይሰምጥና ሌላው ይነሳል። ደቂቃ ቆይቶ ያም ይሄዳል፤ በመሃሉ ግን በማያውቁት ቋንቋ ሰዓት ሲነገር ይሰማሉ።